ከደረጃው ሥር የተቀመጠችው ፈትያ

አብዲ ቆሞ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነው። ጠዋት ከሚኒባስ ወርጄ ስመጣ ሁልጊዜ በግንቡ ጥላ ሥር፣ በፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ቦንዡር ሐበሻ!» ይለኛል። የዚያን ቀን ግን ከሩቅ ሲያየኝ ተነሣ። ሰላምም አላለኝም።

«ፈትያ» አለ። ቀጥሎም ሰው ሲሞት እስላሞች በዐረብኛ የሚሉትን አለ።

«መቼ?» አልሁት።

«ሌሊት። ሆስፒታል።» የሚያውቀው አማርኛ እዚያ ላይ አለቀበትና እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

አማተብሁ። ከዚያ ገብቼ ውኃ ጣድሁ፤ ሰው ሻይ ይፈልጋል። ሁለት ብርጭቆ አውጥቼ ከደረደርሁ በኋላ ነው አንደኛው የማን እንደነበረ ያሰብሁት። ወደ ቦታው መለስሁት።

የምሠራው በዓለም ዙሪያ ለሰዎች ጤና የሚሠራ አንድ ትልቅ ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ጅቡቲ የመጣሁት ሰው ቤት ተቀጥሬ ልሠራ ነበር። ልጄን ምሕረትን ስወልድ አባቷ ወደ የመን ተሻግሮ በዚያው ቀረ፤ ከነልጅሽ እደሪ የሚለኝ ቤትም ጠፋ። ያን ጊዜ ይህን ሥራ እግዚአብሔር ሰጠኝ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ፈትያ የመጣችው መሥሪያ ቤታችን ገና ቡላኦስ፣ ከገበያው ጀርባ ሳለ ነው። ሕንፃው ፎቅ ነበር። ምድር ቤቱ መተላለፊያ፣ ዕቃ ቤትና ከደረጃው ሥር የተከለለችው የእኔ ሻይ ማፍያ ብቻ ነው፤ ቢሮው ሁሉ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። በደረጃው ግድግዳ ላይ፣ ወደ መካከሉ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። «ጤና ለሁሉም፤ ማንም አይቀርም» ማለት ነው ብለው ነግረውኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ታክሲ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ከኋላ ተሽከርካሪ ወንበር አውርዶ ዘረጋ። ብጫ ድሪያ የለበሰች፣ ክንዷ ሙሉ አምባር የሆነች ሴት በእጆቿ ብድግ ብላ ወንበሩ ላይ ተዛወረች። ድርጅቱ የቀጠራት አካል ጉዳተኞች ጤና ጣቢያ ያለ ችግር እንዴት እንደሚገቡ፣ ድርጅቱ ራሱስ እንዴት እንደሚቀበላቸው እንድታማክር ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ዋናው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ በሩጫ ሲወርዱ ነው። የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ ደግ ናቸው፤ ቶሎ ያልባቸዋል። ከኋላቸው አብዲና የቢሮው ሾፌር እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ከነወንበሯ ተሸክመው ሊያወጧት ነው።

ፈትያ እጇን አነሣችና በፈረንሳይኛ፣ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» አለች። ይህን ያህል ፈረንሳይኛ እሰማለሁ።

«ላይ» አሉ ዶክተሩ።

«ታች የለም?»

«የዘበኞቹ አለ። ግቢው ውስጥ።»

ደረጃውን አየችው። አብዲን አየችው። ከዚያ መወልወያዬን ይዤ ግድግዳ ተጠግቼ ወደቆምሁት ወደ እኔ ዞረች፤ አንገቴ ላይ ማተቤን አይታ ነው። በአማርኛ፣ «ይሄን ሰውዬ በየሰዓቱ ሽንት ቤት አድርሰኝ ልበለው እንዴ? አቦ፣ እኔ ገና ባል እንኳ አላገባሁም!» አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ዶክተሩ ምን እንዳለች ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

«እዚሁ ይመቸኛል» አለቻቸው። ጠረጴዛ ወረደላት። ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው የተባለው ዓመት አለፈው።

በዚህ ዓይነት ጎረቤቴ ሆነች። ያደገችው ድሬዳዋ ነው፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ ቀሩ። አማርኛዋ የድሬ አማርኛ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ትላለች። እኔ መጀመሪያ «እርስዎ» እላት ነበር። ዞር ብላ ከኋላዋ ታያለች። «ከኋላዬ ማን መጥቶ ነው?» ትለኛለች። ስሜ አስካለ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አስኩ አለችኝ። እኔም አንቺ አልኋት። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ አስኩ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ምልክት ነበራት። እያወራች የመኪና ጡሩምባ ወይም አዛን ከመጣ፣ ሌባ ጣቷን ቀጥ አድርጋ ታነሣና ዝም ትላለች። ድምፁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከዚያ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች፤ እኔ ረስቼው እሷ አትረሳውም። የጀመረችውን ነገር መካከል ላይ ለማንም አትለቅም ነበር።

የእሷ ጾምና የእኔ ዐቢይ ጾም በገጠሙ ጊዜ ምድር ቤቱ ጭር ይላል። ሁለታችንም ባዶ ብርጭቆ ፊታችን አስቀምጠን እንቀመጥ ነበር። «ክርስቲያን ጾሙን ስንት ሰዓት ነው የሚፈታው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። «አይ፣ እናንተ ቀለል ይላችኋል» ትላለች። «ስጋም ወተትም እኮ የለም» እላታለሁ። «ደመወዛችን ከሚገዛው ምን ተለየ ታዲያ?» ብላ ትስቃለች።

በመጣች በወሩ ገደማ የቢሮው ሰዎች ፎቶ ሊያነሧት ወረዱ። ለድርጅቱ መጽሔት ነው። ሰዎቹ ሁሉ ከኋላዋና ከጎኗ ቆሙ፤ ዶክተሩ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ፎቶ አንሺው ሊጫን ሲል ጣቷን አነሣች።

«ተቀመጡ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ተቀመጡ። እንዲህ ቆማችሁ ከተነሣን፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ያገኛችሁኝ ነው የምመስለው።»

ሁሉም ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ዶክተሩም ጭምር፣ በነጭ ሱሪያቸው። ወለሉን ገና መወልወሌ ነበር። ፎቶው እስከ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል። ከፍ ብላ የምትታየው እሷ ብቻ ናት።

ስለ ምሕረት ለቢሮው ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፈትያ ግን አንድ ቀን ባልዲ ሳነሣ አየችኝ።

«አስኩ፣ ማንን ነው የምትሸከሚው?»

«ባልዲውን ነዋ።»

«ባልዲ ጀርባን እንዲህ አያጎብጥም። ሰው ነው። ማን ነው?»

«ልጄን» አልኋት። «እግሯ አይሠራም። ከተወለደች ጀምሮ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥር ሞላት።»

  «አሁን የት ናት?» አለች።

«ቤት ናት። የቤቱ ባለቤት ሃጂያ በየመካከሉ ያዩልኛል። ለበዓል አዝዬ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ።»

«ከዚያ ሌላስ?»

ከዚያ ሌላ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓርብ ቤቴ መጣች። የምኖረው አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ በአንድ ቀን ዝናብ ግን ጎርፉ ሰፈር ይገባል። ስለዚህ በሰፈራችን የበሩ ደፍ ሁሉ ከፍ ተደርጎ በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ታክሲው አስፋልቱ ላይ አወረዳት። በአሸዋው ላይ እየታገልሁ ገፍቼ አመጣኋት፤ ደፉ ጋ ስንደርስ ቆምን።

ምሕረት ከውስጥ፣ ፍራሿ ላይ ሆና ታየናለች።

ፈትያ አንገቷን ወደ ውስጥ አዘነበለች። «አንቺ መውጣት አትችዪም» አለቻት፤ «እኔ መግባት አልችልም። ይሄ ግንብ ጠላን ማለት ነው።»

ምሕረት ለማታውቀው ሰው አትናገርም ነበር። «አንቺም እግርሽ አይሠራም?» አለቻት።

«ሰነፍ ነው። በልጅነቴ ነው ሥራ የለቀቀው።»

ልጄ ሳቀች። እዚያው ደፉን መካከል አድርገው ሲያወሩ ዋሉ። ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ፈትያ ጣቷን ታነሣለች። ከሰዓት በኋላ ላይ ምሕረትም ጣቷን ማንሣት ጀመረች።

ሳትሄድ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ ውስጥ ወረወረችልኝ። «ወገቧን ለኪ። ከጉልበቷ እስከ ተረከዟንም» አለችኝ። ወንበር እንደ ጫማ ነው፤ ለሌላ ሰው ተብሎ የተሠራ ያቆስላል ትል ነበር። ከሆስፒታል የተረፉ ትልልቅ ወንበሮች ለሕፃናት ሲታደሉ ማየት ያናድዳት ነበር። በከተማው ለሚገኙ እንደ ምሕረት ላሉ ልጆች በልካቸው የሚሠራ ወንበር፣ ለጤና ጣቢያዎቹ ከነወንበር የሚወጣበት ጠፍጣፋ ሚዛን፣ ለመሥሪያ ቤታችን ደግሞ ምድር ቤት የሆነ ቢሮ፣ እነዚህን ለማስፈቀድ አቅዳ ነበር። የሚፈቅዱት ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም በጸሎቴ ላይ እንግዶቹን ጨመርሁ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ንፋሱ እሳት ነበር። ስብሰባው ፎቅ ላይ ነው፤ ማቀዝቀዣ ያለው እዚያ ነው። ዶክተሩ ወረዱ። እንደ መጀመሪያው ቀን አብዲና ሾፌሩ ከኋላቸው ነበሩ።

«ፈትያ፣ ለዛሬ ብቻ» አሏት። «ሳይሰሙሽ ከሄዱ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚመጡ አላውቅም። እኔ ራሴ እሸከምሻለሁ።»

«ወገብህን ትታመማለህ፤ ከዚያ ወንበሬን ትወስድብኛለህ» አለቻቸው። አልሳቁም። ሰዓታቸውን አይተው ወደ ላይ ተመለሱ።

እኔ ልለምናት ተጠጋሁ። «ፈትያ፣ ለምሕረት ስትዪ። አንዴ ብትወጪ ምን አለ?»

ፊቷን አዞረችልኝ። አልተቆጣችኝም።

«አስኩ፣ ስሚኝ። ተሸክመው ያወጡሽ ቦታ ላይ አመስጋኝ ሆነሽ ነው የምትውዪው። የሚሉትን ሁሉ እሺ ትያለሽ፤ ምክንያቱም የሚያወርዱሽ እነሱው ናቸው። እኔ ተጣልቼ መውጣት የማልችልበት ክፍል አልገባም።»

«እና ዛሬ መጣላት አለብሽ?»

«እሱን ላውቅ አልችልም። ብችል ግን ደስ ይለኛል።»

 ሻዬን አፈላሁ፤ ሄልና ቀረፋ ያለበት ሻይ ነው፤ ሳምቡሳውንም ደረደርሁ። የዕረፍት ሰዓታቸው ሲደርስ ትሪውን አንሥቼ ደረጃው ሥር ቆምሁ። ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ ትሪውን ፈትያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁትና ጸሐፊዋን ጠርቼ፣ «ሻዩ ታች ነው» አልኋት።

ለምን አላለችም፤ ደነገጠች መሰለኝ። ፈትያ ግን ወረቀቶቿን ሰብስባ ለብርጭቆዎቹ ቦታ ለቀቀች።

ወረዱ። ማራገቢያው አንድ ብቻ ነበር። ብርጭቆ በእጃቸው ይዘው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ከበቧት። ፀጉራቸው የነጣ አንዲት ሴት ነበሩ ከእንግዶቹ መካከል፤ እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፈትያ ሳምቡሳውን እያዞረች ጠየቀቻቸው። ያለችውን በኋላ በአማርኛ ነግራኛለች።

«ሁላችሁም ሐኪሞች ናችሁ። ስንት ኪሎ ነኝ?»

ፈገግ አሉ።

«በዚህ ከተማ የሚያውቅ የለም። ሚዛኑ ላይ ቁሚ ይሉኛል። መቆም ብችል እነሱ ዘንድ ምን አመጣኝ? መድኃኒቱን ግን በኪሎዬ ያዙልኛል፤ በግምት። አንድ ጊዜ ተናድጄ ወደብ ሄድኩና የእህል ጆንያ የሚመዘንበት ላይ ከነወንበሬ ወጣሁ። ወንበሩን ቀነስን። እህል ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በትክክል ተመዝኜ፣ ታሽጌ፣ አዲስ አበባ ደርሼ ነበር።»

ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ረጅም ሰው፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ በጣም ጀግና ነሽ አላት። ደመወዝ ስላለው ነው የመጣሁት አለችው። ከዚያ ስለ ሦስቱ ነገሮች ነገረቻቸው፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ቢሮው። ሰውዬው እስክትጨርስ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጣት። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ለሚቀጥለው ዕቅድ እናስበዋለን አለ።

ፈትያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔም ለሚቀጥለው ሻይ አስብሃለሁ» አለችው። ወንበሯን አዞረች። በሰዎቹ መካከል አልፋ፣ በበሩ ወጥታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታን ወንበሯን አቆመች።

  እኔ ትሪውን ይዤ፣ አምላኬ፣ የልጄ ነገር አለቀ እያልሁ ነበር።

ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት ከደረጃው ተነሡ። ብርጭቆአቸውን ሰጡኝና ተከትለዋት ወጡ። ጥላ አልነበረም። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ያየሁት አንድ ከባድ መኪና በውጭ ሲያልፍ ፈትያ ጣቷን ስታነሣና እኚያ ሴት እንደ ተማሪ ዝም ብለው ሲጠብቁ ነው። ሲመለሱ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ነበር። ከስብሰባው የቀረው ሁሉ እዚያው ታች ሆነ። ወንበር ከላይ እየተሸከሙ ያወረዱት አብዲና ሾፌሩ ናቸው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አልሆነም። ቢሮው ብዙ ወራት ፈጀ። ሚዛኑ ግን ቶሎ መጣ፤ አምቡሊ ጤና ጣቢያ ተቀመጠ። ምሕረት ከነአዲሱ ወንበሯ ወጣችበት። ነርሷ ኪሎዋን ስትነግረኝ አለቀስሁ። ጀርባዬ አሥር ዓመት ያውቀው ነበር፤ በቁጥር ግን ሰምቼው አላውቅም።

የቀረው ደፉ ነበር። ሃጂያ አላስነካም አሉ።

«ሰብሬው ወንዙ ሲመጣ፣ ውኃውን አንተ ነህ የምትቀዳው?» አሉት አብዲን፤ ሲሚንቶ ይዞ መጥቶ ነበር። ፈትያ ከውጭ ሆና ከሶማልኛው እየተረጎመችልኝ ትስቃለች።

«አንሰብረውም ሃጂያ» አለቻቸው። «እንወጣበታለን፣ እንወርድበታለን።»

አብዲ ከውጭም ከውስጥም የሲሚንቶ ዳገት ሠራ። ከውጭ ረዘም ያለ ነው፤ ከውስጥ ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ አቀበቱ ከበደ። ሃጂያ አይተው፣ «ቤቴን ግመል አደረጋችሁት!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ግመሉ ነው።

ምሕረት በግመሉ ላይ ብቻዋን መውጣት አልቻለችም። ግማሹ ላይ ስትደርስ ወንበሩ ወደ ኋላ ይላል፤ እኔ እገፋላታለሁ። ፈትያ በመጣች ቁጥር በውጭ በኩል ሆና ትጮኽብኛለች።

«አትግፊያት!»

«ትወድቃለቻ!»

«ጉልበት አይደለም የጎደላት። ንዴት ነው። እኔ ድሬ ላይ የመጀመሪያውን አቀበት የወጣሁት ወንድሜን ልደበድብ ነው። አንቺ ደግሞ አታናድጃትም፤ ይኸው ነው ችግርሽ!»

አዲሱ ቢሮ ጋቦዴ ነው። ምድር ቤት ነው፤ በሮቹ ሰፊ ናቸው። ፈትያ እንደማንኛውም ሰው ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ተሰጣት። ደስ አለኝ። ግን የእሷ ክፍል በአንደኛው ጫፍ፣ የእኔ ሻይ ማፍያ በሌላው ጫፍ ሆነ። ከደረጃው ሥር የነበረን ኑሮ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ሆንሁ። እሷ ግን ከሰዓት በፊት አንድ ጊዜ ትመጣና ወንበሯን ከበሩ ጋር ኳ ታደርገዋለች። «አቦ፣ ቢሮ ሰጡኝና ሰው ወሰዱብኝ!» ትላለች። ይህን በማለቷ ብቻ ብዙ ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገብቻለሁ።

መታመም የጀመረችው ብርዱ ሲገባ ነው፤ እዚህ ብርድ ከተባለ። ሳንባዋ ነበር። ሆስፒታል ስሄድ በጣም ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ወንበሯን ኮሪደር ላይ አውጥተውታል። አምባሮቿ የሉም።

«ተሸክመው አወጡኝ አስኩ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እዚህ ላይ ሆኜ ማንንም መጣላት አልችልም። ስለዚህ ሁሉም ደግ ሆኖልኛል።»

ኮሪደር ወጥቼ ወንበሩን ገፍቼ አመጣሁት። አልጋው ጥግ አስጠጋሁላት። እጇን ዘርግታ ጎማው ላይ አሳረፈችው። ሌላ የማደርግላት አልነበረኝም። አንዲት ነርስ ወንበሩን ልታወጣ መጣች፤ ፈትያ ጣቷን ብቻ አነሣች። ነርሷ ተወችው።

ስወጣ፣ «ምሕረት ግመሉን ወጣች?» አለችኝ።

«ገና ነው።»

«አናድጃት» አለች። ከአፏ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ነው።

የቀብሯ ቀን ከሥራ በቀጥታ ቤቷ ሄድሁ። በእነሱ ደንብ ሴት መቃብር አትሄድም። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ጥግ ላይ ተቀመጥሁ። የሚሉትን ብዙውን አልሰማሁም፤ ስሟን ሲጠሩ ብቻ ቀና እላለሁ። እናቷ ድሬ የኖሩ ናቸውና እጄን ይዘው በአማርኛ፣ «አንቺ ነሽ አስኩ?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ከዚያ ሌላ አልተነጋገርንም። በልቤ አባታችን ሆይ ደግሜ ወጣሁ። ማታ ለምሕረት ነገርኋት። አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው።

«ለፈቲ እናት ልቅሶ ልድረስ» አለችኝ።

«ፀሐዩ ይብረድ። ደግሞ እኮ እኔ ደርሻለሁ።»

«አንቺ ደረስሽ እንጂ እኔ አልደረስኩም።»

«ለሁለታችን ነው የደረስሁት።»

«ማን ላከሽ?»

«ምሕረት!»

«አልጠየቅሽኝም። ሄድሽ፣ መጣሽ፣ ነገርሽኝ። የእኔም ጓደኛ ነበረች እኮ እማ። ከአንቺ በላይ ጓደኛዬ ነበረች!»

«አፍሽን ሰብስቢ። ስነግርሽ ስሚ» አልኋት።

አልሰማችም። ወንበሯን ወደ በሩ አዞረችው። ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም፤ ግማሹ ላይ እንደምትቀር አውቃለሁ። አቀበቱን ጀመረች፤ እንደ ወትሮው ግማሹ ላይ ጎማው ወደ ኋላ አለ። ያን ጊዜ ተነሥቼ እጆቼን ዘረጋሁ።

«አትንኪኝ!» አለች፤ ዞራ እንኳ አላየችኝም።

እጆቼን ዘርግቼ ቆምሁ። አንገቷ ሥር ያለው ጅማት ተገትሮ ይታየኛል። አውሮፕላን መጣ፤ ክፍሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ የሷም ትንፋሽ የጎማውም ድምፅ አልሰማ አለኝ። የወንበሩ ጀርባ ከደፉ በላይ ብርሃኑ ውስጥ ታየ። ከዚያ ቁልቁል ጠፋ።

አውሮፕላኑ ሲያልፍ በሩ ባዶ ነበር። ከውጭ የሃጂያን ድምፅ ሰማሁ፤ «ካሌይ፣ ምሕረት! ካሌይ!» ይላሉ፤ ነይ ማለታቸው ነው። ሃጂያ እየሳቁ ነበር። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ገና ቁጣዋ አልበረደም። ሃጂያን በሶማልኛ አንድ ነገር ስትላቸው ሰማሁ፤ ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም።

ልከተላት ሁለት እርምጃ ሄድሁ። ተመለስሁና ፍራሿ ላይ ተቀመጥሁ።

ምሕረትን ከወለድሁ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር። ትልቅ ክፍል ሆነብኝ። ለአንድ ሰው ልነግር ፈለግሁ። ልነግራት የምፈልጋት ግን አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም አፈር ውስጥ ናት። ስለዚህ ለእግዚአብሔር ነገርሁት፤ እሱ ቢያየውም ነገርሁት። ተናዳ ወጣች አልሁት። በራሷ እጅ ወጣች አልሁት። ተመስገን።

በሩን አልዘጋሁትም።